ለአሮጌዋ መኪና የተገዛው ጆሮ

የጤና ጣቢያው ባልደረቦቿ በሌለችበት «እትዬ ሳሙና» ይሏታል፤ ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣላትም። በአዋላጅነት በሠራችባቸው ሠላሳ ሁለት ዓመታት የሰው ደምና ትውከት አንድም ቀን አስጸይፏት አያውቅም፤ ምጥ ያመጣውን ሁሉ ፊቷን ሳታጨፈግግ ተቀብላለች። ሰው በቸልታ የሚያመጣውን እድፍ ግን ዓይኗ አይችለውም። የቢሮ በር የምትከፍተው በክርኗ ነው። የሰው እስክሪብቶ ብትዋስ እንኳ አስቀድማ በአልኮል ትወለውለዋለች።

በሥራዋም አንድ የማይሻር ደንብ ነበራት። ነፍሰ ጡር ስትደውልላት ከሰላምታ በፊት ሦስት ነገር ትጠይቃለች፤ ቤትሽ የት ነው፣ ስንት ወርሽ ነው፣ ምን ተሰማሽ። ገና ጀማሪ ሳለች አንዲት እናት «ድረሱልኝ» ብላ ስልኩ ተቋረጠ፤ ቤቷን ፍለጋ ሲዞሩ ጊዜው አለፈ። ከዚያ ወዲህ የምታውቃትም ሆነች የማታውቃት፣ ሦስቱን ሳትመልስ ወሬ የለም።

የምትነዳት መኪና ከሟች ባለቤቷ የቀረችላት ናት። ዕድሜዋ ሠላሳን አልፏል፤ ከመሪው ፊት ያለው ክሩስኮቷ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፤ ሬዲዮኗም ከካሴት ወዲህ የመጣ ነገር አያውቅም። ቤት ለቤት እየሄደች እናቶችን ስትጎበኝ ስልክ ከጠራ፣ በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ሸጉጣ ማውራት ልማዷ ነበር። አንድ ቀን ትራፊክ ፖሊስ አስቆማት።

«ሲስተር፣ ሚስቴን ያዋለዱልኝ እርስዎ ባይሆኑ ኖሮ መንጃ ፈቃዱን እወስደው ነበር» አላት። «ሁለተኛ ካየሁዎ ግን መንታም ቢያዋልዱልኝ አልምርም።»

በዚያው ሳምንት አዲሱ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ የቤት ለቤት ተረኛ የሆነ ሁሉ ስልክ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልመለሰ ከተረኞች ዝርዝር ይወጣል። እጅ ሳይነካ የሚያናግር መሣሪያ መግዛት ግድ ሆነባት።

የስልክ ዕቃ መሸጫው ከመንገድ ዳር ያለ ጠባብ ክፍል ነበር፤ የመስታወት መደርደሪያው በጣት አሻራ ደምኗል። ሻጩ ማስቲካውን እያላመጠ ተቀበላት።

«ምን ልታዘዝ፣ ማዘር?»

«ስንት እናት አዋልጃለሁ፤ አንተን ግን የወለድሁህ አይመስለኝም» አለችው። «ለአሮጌ መኪና የሚሆን የስልክ ማናገሪያ አሳየኝ።»

በመጀመሪያ ከፊት መስታወት ላይ በላስቲክ እግሩ የሚጣበቅ የስልክ መያዣ አወጣ። ላስቲኩ እንዲይዝለት በምላሱ ዳር እስከ ዳር ላሰውና ከመደርደሪያው ላይ ጠቅ አደረገው። የምራቁ ክብ ከመስታወቱ ላይ ሲያብለጨልጭ እያየች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «እንዲህ ነው የሚጠብቀው!» አለ፣ በምላሱ እየኮራ።

«ሌላ።»

ሁለተኛው ከጆሮ የሚሰካ ነበር። ናሙናውን ከራሱ ጆሮ ነቅሎ ዘረጋላት፤ ጫፉ ላይ ያለውን ቢጫ ነገር መግለጽ ለአንባቢም ክብር አይመጥንም። «ሞክሪው፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው።» እጇን ከኋላዋ አጣመረች። ሦስተኛው ከነጂው ራስ በላይ ከፀሐይ መከላከያው ላይ የሚቆነጠጥ ድምፅ ማጉያ ነው፤ በወንፊቱ ቀዳዳ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፀጉር ተጠምጥሟል።

በመጨረሻ ሻጩ አንድ ትንሽ ካርቶን አወጣ፤ ዙሪያውን በስስ ላስቲክ ታሽጓል። «ይኸ ኤፍ ኤም ነው። ከሲጋራ መለኮሻው ትሰኪዋለሽ፤ የስልኩን ድምፅ ወደ መኪናሽ ሬዲዮን ይልከዋል። ለአሮጌ መኪና ከዚህ የተሻለ የለም።»

ካርቶኑን አገላብጣ አየችው። እሽጉ አልተፈታም፤ የማንም ምላስ፣ የማንም ጆሮ አልነካውም። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ድምፁ ከመኪናዋ ወጥቶ ወዴት ሊደርስ እንደሚችል መጠየቅ ይገባት ነበር፤ ንጹሕ ዕቃ በማግኘቷ ግን ልቧ ረካ። ሻጩም መኪናዋ ድረስ ወጥቶ ሰካላት፣ ሬዲዮኑንም አስተካከለላት። «ይቺ ቁጥር ባዶ ናት፤ ጣቢያ የላትም። ለሁሉም ደንበኛ እዚችው ላይ ነው የምሞላው።»

ዘጠኝ ቀን ያለ እንከን ሠራ። በዐሥረኛው ቀን ከነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ሳለች የልብስ ሰፊው ሚስት ደወለች።

ይህች ሴት አራት ጊዜ አርግዛ አራቱም ወርደውባታል። አራተኛው ሲወርድ ሊያጽናኗት የመጡት ጎረቤቶች ከደጃፏ ሳይርቁ በጣታቸው ሲቆጥሩ ሰምታለች፤ አማቷም «የዚች ማሕፀን ወንፊት ነው» ብለዋል። ስለዚህ አምስተኛውን ስድስት ወር እስኪሞላው ለማንም ላትናገር ማለች። የሚያውቁት ባሏና አዋላጇ ብቻ ነበሩ።

«ሲስተር፣ እኔ ነኝ።»

«ቤትሽ የት ነው?»

«ውይ ሲስተር! ያውቁት የለ?»

«ንገሪኝ።»

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር።»

«ስንት ወርሽ ነው?»

«አራት ወር ከሁለት ሳምንት።»

«ምን ተሰማሽ?»

«ትንሽ ደም አየሁ። አማቴ እንዳይሰሙኝ ሽንት ቤት ገብቼ ነው የምደውለው። ይኼም ሊወርድ ነው እንዴ፣ ሲስተር? ለአምስተኛ ጊዜ አልችለውም።»

«ተኚ፤ አሁኑኑ እመጣለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰልፉን ጥላ ለመውጣት መሪውን ስትጠመዝዝ ከጎኗ የቆመው ታክሲ ነጂ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«ሲስተር፣ ሬዲዮ ጣቢያ ከፈቱ እንዴ? ዝግጅትዎ ልብ ይሰቅላል!»

ከታክሲው ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ወደ እሱ ዞረች። «ምን አልህ?»

«የእኔም የዚሁ ዓይነት ዕቃ ከትናንት ጀምሮ ሞቷል፤ ሬዲዮኔን ግን ከቁጥሩ አልነቀልሁትም። ከዚያ ማስቲካ ከሚያላምጠው ልጅ አይደል የገዙት? ለሁላችንም አንድ ቁጥር ነው የሚሞላው። ቅርብ ሲቆሙ ይኸው እንዲህ ቁልጭ አድርጎ ያሰማል።»

ከኋላ ወንበር የሽንኩርት ፌስታል የታቀፈች ሴት ወደ ፊት አሰገገች። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር? የልብስ ሰፊው ሚስት አይደለችም እንዴ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...» ጣቶቿን አጠፈች። «እውነትም አምስተኛዋ! አማቷ ሰምተው ይሆን?» ዓይኖቿ ቅቤ እንዳየ ድመት ያበሩ ነበር።

እትዬ ሳሙና ተጸየፈች። የተጸየፈችው የታክሲ ነጂውን ሳቅ ነው፣ የሴትዮዋን ጣቶች ነው፣ ከሁሉ በላይ ግን ያን የለመደችውን የራሷን ጥያቄ ነው፤ ቤትሽ የት ነው፣ ስንት ወርሽ ነው። ምስጢሩን አንድ በአንድ አስቆጥሮ ለአደባባይ ያሰጣው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የተመካችበት ደንብ ነው። መሣሪያውን በሶፍት ጨብጣ ከመለኮሻው ነቀለችው።

ሰማያዊው በር ዘንድ ደርሳ እጇን ታጠበች፤ ሴቲቱን መረመረች። ደሙ ቆሟል። በእጅ የምትያዘው ማዳመጫ የፅንሱን ልብ እንደ ፈጣን ሩጫ አሰማች። ሴቲቱ ትራሱን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

ደስታው ደቂቃ ሳይሞላው እውነቱን መናገር ነበረባት፤ ወሬው ቀድሟት እንዳይገባ። ሳትሸፋፍን፣ ሳታሳጥር ነገረቻት።

ሴቲቱ ከአልጋው ቀና አለች። ከዚያ ቀሚሷን ወደ ታች ስባ «አንቺ እኮ» አለች፣ «እጅሽን ሳትታጠቢ ነክተሽኝ አታውቂም ነበር። ውጪልኝ።»

ከበሩ ስትወጣ ባለሽንኩርቷ ከአማትየዋ ጋር ደጁ ላይ ቆማለች።

«ሲስተር፣ እውነት ነው?» አሉ አማትየዋ።

«የታካሚዬን ነገር ከእኔ አይሰሙም፣ እሜቴ።»

«እንዴ! ከሬዲዮን ተሰማ ይሉኝ የለም?»

እትዬ ሳሙና ወደ መኪናዋ አለፈች።

በማግስቱ መሣሪያውን መለሰች። ሻጩ አልተከራከረም። «ሰው ቢሰማ ምን አለበት፣ ማዘር? ወሬ አያልቅ፣ እኛ እናልቃለን» እያለ ዕቃውን በቲሸርቱ ጠረግ አድርጎ ከካርቶኑ ከተተው፤ ከመደርደሪያው ሥር ስስ ላስቲክ ስቦ፣ በክብሪት እሳት አሙቆ አዲስ አስመስሎ አሸገው። ያኔ ነው እሷ የገዛችው እሽግም ከማን እጅ እንደተመለሰ ማወቅ እንደማትችል የገባት። ወጥታ ከመኪናዋ ስትደርስ እጇን ሁለት ጊዜ በአልኮል አሸች፤ ሽታው ግን ከእጇ ላይ አልነበረም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ስልኳ ከክሩስኮቱ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፣ ጥሪው እስከ መጨረሻ ተከፍቶ። ሲጮህ ዳር ትይዛለች፤ ሞተሩን ታጠፋለች፤ መስኮቶቹን ትዘጋለች፤ ከዚያ መልሳ ትደውላለች። ለዚህ ሁሉ ኃላፊው የሰጠው አምስት ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። የእናቶቹን ቤት ገና በመጀመሪያው ምርመራ በደብተር መዝግባለችና በስልክ አታስነግርም። ነጂዎች «አሮጊት፣ ቤትሽ አድርጊው!» እያሉ ጡሩምባ ይነፉባታል፤ ታስነፋቸዋለች።

የልብስ ሰፊው ሚስት ግን አልደወለችም። የምርመራ ቀኗ አለፈ። እትዬ ሳሙና ሦስት ጊዜ በወፍጮ ቤቱ በኩል አለፈች፤ አልቆመችም፤ ውጪ የተባለ ሰው ሳይጠራ አይመለስም።

በአራተኛው ሳምንት፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀትር፣ ከከተማው መውጫ ድልድይ ላይ ሳለች ስልኩ ጮኸ። ድልድዩ ላይ አይቆምም፤ ከድልድዩ ማዶ ያለው ብቸኛ ክፍት ቦታ የከተማው ቆሻሻ የሚደፋበት ነው። ሌላ ጊዜ አፍንጫዋን ይዛ የምትሸሸው ቦታ ነበር። ጎማዋን ከበሰበሰው ፍራፍሬ ላይ አቆመች፤ ሞተሩን አጠፋች፤ መስኮቶቹን ዘጋች። ክርፋቱ አብሯት ተዘጋባት። ሁለት ትላልቅ ዝንቦች መሪው ላይ አረፉ። መልሳ ደወለች።

«ሲስተር፣ እኔ ነኝ።» የልብስ ሰፊው ሚስት ድምፅ ነው። «ከወፍጮ ቤቱ...»

«አትንገሪኝ፤ አውቀዋለሁ። መኪናዋ ቆማለች፤ ብቻዬን ነኝ። ምን ተሰማሽ?»

«እርግጠኛ ነዎት ማንም የለም?»

«ሁለት ዝንቦች አሉ። አያወሩም።»

ከወዲያ ሳቅ የመሰለ ትንፋሽ ተሰማ። «ረገጠኝ፣ ሲስተር። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ረገጠኝ። ይኼን ለማን ልንገር? ሌላው ሁሉ ውድቀቱን ነው የሚጠብቀው።»

«ለእኔ ንገሪኝ» አለች እትዬ ሳሙና፣ ላቡ ከግንባሯ እየወረደ። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ሴቲቱ ተናግራ እስክትጨርስ ድረስ መስኮቱን አልከፈተችም።