ሰባተኛው ቀንና ቢጫ ቀበቶ

ነጭ ቀበቶ እንደታጠቅሁ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። አብረውኝ ካራቴ የጀመሩት ጥቁር ታጥቀዋል፤ አንዱማ የራሱን ማሰልጠኛ ከፍቷል። እኔ እጀምራለሁ፣ አቆማለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ከፋሲካ በኋላ ስመለስ የምሠራበት ፋብሪካ ፈረቃ ይቀየርብኛል፤ ፈረቃው ሲስተካከል የምንሠለጥንበት አዳራሽ ለስብሰባ ይፈለጋል። በመሀሉ ስልኬ ላይ እያየሁ ብቻዬን እለማመዳለሁ፤ የእርምጃዬን ስፋት በስንዝር እለካለሁ። ግን ደብረ ብርሃን የምኖርበት ግቢ ሦስት እርምጃ እንደተሄደ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ገመድ አንገት ላይ ያርፋል። ለቢጫ ቀበቶ የሚጠየቀው ካታ፣ ማለትም በሐሳብ ከሚመጡ ባላጋራዎች ጋር ብቻን የሚሠራው የመምታትና የመከላከል ቅደም ተከተል፣ ስድስት እርምጃ ይፈልጋል።

ማስተር የምንለው አሰልጣኛችን ዘንድሮም ካልተፈተንኩ ቦታዬን ለአዲስ ሰው እንደሚሰጥ በትሕትና ነገረኝ። ስለዚህ ፈተናው ስምንት ቀን ሲቀረው ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ፈቃድ ወስጄ አንኮበር አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። እዚያ ሜዳ አለ።

በማግስቱ ማለዳ ነጩን ልብስ ለብሼ በባዶ እግሬ ከቤቱ ጀርባ ቆምኩ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ፤ ዞርኩ፣ መከትኩ፣ መታሁ፣ ጮህኩ፤ እንደገና እጅ ነሣሁ። ቀና ስል አክስቴ ባልዲ ይዛ ቆማለች።

"ለማን ነው እጅ የምትነሣው?"

ካራቴ ነው አልኳት። ካራቴን ታውቃለች፤ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ላይ አይታለች።

"ካራቴማ ሁለት ሰው ነው የሚደባደበው። አንተ ከማን ጋር ነው?"

"ከማንም።"

"እሱን እኮ ነው የምልህ፣ ልጄ።"

ከሰዓት በኋላ ሁለት ጎረቤቶች መጥተው ዐይኔን አዩ። ማታ ላይ የሰባት ቀን ጠበል ተወሰነልኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ታማሚ እምቢ ካለ እምቢ ያለው በሽታው ነው። ቀኖቹን ቆጠርኩ። ሰባተኛው ከፈተናው ጠዋት ጋር ገጠመ።

አጥማቂው ረዘም ያሉ፣ ቁጡ ያልሆኑ ቄስ ነበሩ። አንኮበር ጎህ ሲቀድ ያ ውኃ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ትንፋሽ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው ማንን እንደምመታ ጠየቁኝ። የተዛባ መልስ መስጠት አልወድም።

"አራት ናቸው፣ መምሬ። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ ሁለቱ ከኋላ ነው የሚመጡት።"

ሊጠመቁ ተራ ከሚጠብቁት ሴቶች አንዷ በስመ አብ አለች። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ለሌላው ሰው አንድ ጣሳ ሲፈስ ለእኔ አራት ሆነ።

በስድስተኛው ቀን መምሬን ለብቻቸው አግኝቼ የፈተናውን ነገር፣ ስድስቱን ዓመት፣ ቦታዬንም እንደማጣ ነገርኳቸው። አድርገህ አሳየኝ አሉ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አሳርፈው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመለከቱኝ።

"ሦስተኛው አልወደቀም" አሉ።

ልክ ነበሩ፤ ከኋላ ለሚመጣው ስዞር ክርኔ ይላላል። ደገምኩት። ራሳቸውን ነቀነቁ። እንድሄድ ፈቀዱልኝ፤ ሱባኤው ግን አይቋረጥም፣ የሰባተኛውን ቀን ጠበል አክስቴ ይዛ ትከተለኝና ከፈተናው በፊት ታፈስልኛለች አሉ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣን፤ አክስቴ ጀሪካኑን እንደ ሕፃን ታቅፋው ነበር። አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ስምንት ተፈታኞች ነጭ ለብሰው፣ በባዶ እግራቸው፣ ተሰልፈው ባዶውን አየር እየመቱ አንድ ላይ ይጮኻሉ።

አክስቴ ቆመች። "ሁሉም?" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

በር ላይ አራቱን ጣሳ ከነልብሴ አፈሰሰችብኝ። በደብረ ብርሃን የጠዋት ንፋስ ውስጥ እየተንጠባጠብኩ ገባሁ። ማስተር ምን ሆነህ ነው አለኝ። ጠበል ነው አልኩት። ሦስት ጊዜ ተፈትኖ የወደቀ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሰልፉ ወጥቶ ወደ አክስቴ ሄደና ጎንበስ አለ።

"እናቴ፣ ከተረፈ ለእኔም።"

የቀሩት ተከተሉት። በመጨረሻ ማስተር ጥቁር ቀበቶውን ፈትቶ መስኮት ላይ አስቀመጠና ራሱን ዝቅ አደረገ። ፈተናው አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ፤ ማንም ሳይንቀጠቀጥ የቆመ አልነበረም።

ተራዬ ሲደርስ ቅዝቃዜው ከማሰብ አዳነኝ። ሦስተኛውንም ጣልኩት። ማስተር አልፈሃል ሲለኝ እጅ መንሣቱን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

ዘጠኛችንም አለፍን። ቀበቶዎቹን ማስተር ያሰፋው ከአቡጀዲ ነው፤ ቢጫ ቀለም ውስጥ የነከራቸው ልብስ ሰፊው ራሱ ነው። ታጥቀን እንደተሰለፍን ቀለሙ እርጥብ ልብሳችን ላይ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ የእኔ ሱሪ፣ ከዚያ የመምህሩ፣ ከዚያ የሁላችንም፤ ሲሚንቶው ላይ ዘጠኝ ቢጫ ኩሬ ተጠራቀመ። ማስተር አንገቱን ደፋ። አክስቴ ጀሪካኗን አስቀምጣ እያማተበች በሰልፉ ፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች፤ የእያንዳንዳችንን እግር አየች።

ቀለሙ የሚለቀው ሲነከር ጨው ስላልገባበት ነው ልላት አስቤ እጄን ወደ ቀበቶዬ ቋጠሮ ሰደድኩ።

"አትንካው" አለችኝ። "ወጥቶ ይጨርስ።"

ዘጠኛችንም እጃችንን ወደ ጎን አድርገን ቆምን።