የተከለከልኩትን ልብ ወለድ ፍለጋ ወደ ሐዋሳ

ቅዳሜ ጠዋት ከዲላ መናኸሪያ ሚኒባስ ስሳፈር ደሜ ፈልቶ ነበር። የምሄደው አንድ ልብ ወለድ ለመቀበል ነው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምታስተምረው ጓደኛዬ መሠረት ያነበበችውን ሁሉ ታውሰኛለች፤ ይህን ግን ከለከለችኝ። «ግድያ ነው፣ ጨለማ ነው። ላንቺ አይሆንም» አለችኝ በስልክ። ወንድሜ ሲሳይ ከተገደለ ወዲህ የሚሆነኝንና የማይሆነኝን የሚወስኑልኝ ሌሎች ናቸው። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አፖስቶ

ዝናቡ አባርቶ እንሰቱ ያብረቀርቃል። መኪናው ሲቆም አናናስ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት።

«ወዴት ነሽ ልጄ?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት እናት።

«ሐዋሳ። ጓደኛዬን ልጣላት።»

«ታዲያ ባዶ እጅሽን ትሄጃለሽ?» ብለው ሳቁ። እየተበሳጨሁ አናናስ ገዛሁ።

ሐዋሳ

መሠረት ፒያሳ ጠበቀችኝ፤ በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድን። የተጠበሰ አሳ ከዳጣ ጋር ቀረበልን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጀልባዎቹ ሥር የአሳ አንጀት ይሻማሉ። እኔ ግን አልበላሁም።

«መጽሐፉን አምጪ።»

«ትታመሚብኛለሽ። ገና ሲጀምር ልጁ ሞቶ ይገኛል።»

«ከዚያስ?»

«መርማሪዋ ገዳዩን ትፈልጋለች። እስከ መጨረሻው።»

«የሲሳይን ገዳይ ማን ፈለገው?» ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። «እናንተ ስሙን እንኳ አታነሱትም! የሚያመኝ እሱ ነው እንጂ መጽሐፍ አይደለም!»

ቀስ ብላ መጽሐፉን ከቦርሳዋ አወጣችው። ለካ ይዛው መጥታለች። «እኔን እንቅልፍ ስለነሳኝ ፈርቼልሽ ነው» አለች። ይቅርታ አልጠየቀችም። የእኔም ንዴት አልበረደም።

የመልስ ጉዞ

መንገድ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ደራሲው ደም ማብዛት ይወዳል፤ አስከሬኑን የዘረዘረበትን ገጽ ተናድጄ ዘለልኩት። መርማሪዋ የሟቹን እናት በር አንኳኩታ «ስለ ልጅዎ ይንገሩኝ» ስትል ግን እንባዬ መጣ። የእኛን በር እንዲህ ብሎ ያንኳኳ የለም።

መጽሐፉ ለእኔ ይሆናል። ሰው የሚሞትበት ታሪክ አይከብደኝም፤ የሚከብደኝ ስለሞተው ሰው ማንም ሳይጠይቅ የሚያልፍ ታሪክ ነው። ይህን ሌላ ሰው ሊመርጥልኝ አይችልም።

አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ እናቴ መጽሐፉን እጄ ላይ አየችው።

«ስለ ምንድን ነው?»

«ይቅርብሽ እማዬ» ልላት አፌን ከፈትኩ። በራሴ ተናደድኩ።

«ስለተገደለ ልጅ ነው» አልኳት።

«ገዳዩን ያገኙታል?» አለችኝ።

«ገና አልጨረስኩትም።»

አጠገቤ ተቀመጠች። «እንግዲያውስ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ» አለች። «አንድም ገጽ እንዳትዘይ።»