የሙዝ ዳቦው ቀማሽ

ሐጂራ ቲጃኒ የተወለዱት ጅማ አቅራቢያ ባለችው የቡ ነው። ዓመቱን በእርግጠኝነት መጻፍ አልችልም። የቀበሌ መታወቂያቸው አንድ ዓመት ይላል፣ ይሠሩበት የነበረው የእንግዳ ማረፊያ የቅጥር ቅጽ ሌላ ይላል፣ እሳቸው ደግሞ «ቡናውን በረዶ የመታው ዓመት» ይላሉ። ሥራዬ የሠራተኛ ፋይል መያዝ ስለሆነ ሁለት ሰነድ ሲጋጭብኝ ሦስተኛ እፈልጋለሁ። ለእትዬ ሐጂራ ሦስተኛ አላገኘሁም። ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል ብዬ ልለፈው።

እርግጠኛ የሆንኩበትን ልጻፍ። እኔና ታላቅ እህቴ መንበረ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ እሳቸው ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ተከራይተን ኖረናል። በዘጠኙ ዓመት የሙዝ ዳቦ ያልጋገሩባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ወደ ማረፊያው የገቡት ሳህን ሊያጥቡ ነበር፤ ሙያውን ያስተማሯቸው የወጥ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ገብረሥላሴ ናቸው። ባለቤታቸው ሲሞቱ ሥራውን ለቀው በራሳቸው ምድጃ ጀመሩ። የሚረከባቸው አንድ ሰው ነው፤ ኮሌጁ በር አጠገብ ካፌ ያለው ለሚ። በቀን ስድስት ዳቦ ይወስዳል። ሌላ ገበያ የላቸውም።

ምድጃቸው ቁመቱን ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ነው። የሚያነዱት የቡና ገለባ ነው፤ ከየቡ በጆንያ ይመጣል። ገለባ እንደ ከሰል አይቆጣም፣ ውስጥ ውስጡን ይነዳል። ፍሙን ከታችም ከክዳኑ በላይም ያደርጉታል። የዳቦዎቹን ቆርቆሮዎች ውስጣቸውን የኮባ ቅጠል ያለብሷቸዋል፣ ቅጠሉ ወዙን እንዳያመልጥ ይይዘዋል። ሙዙ ልጣጩ እስኪጠቁር ድረስ ገለባ ውስጥ ተቀብሮ ይሰነብታል። ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ የማይሻር ሕግ አላቸው፦ ዱቄት ከገባ በኋላ ማማሰያው ብዙ አይዞርም። «ዱቄት ሲነካኩት ያኮርፋል» ይላሉ። ያኮረፈ ዱቄት ደረቅ ዳቦ ይሆናል፣ ደረቅ የሙዝ ዳቦ ደግሞ ማንም አይገዛውም።

በሌላው ጊዜ ሊጡን ራሳቸው ይቀምሳሉ። በረመዳን ግን አይቀምሱም። የመስጊዱ ኡስታዝ «የምታበስል ሴት ካስፈለጋት በምላሷ ጫፍ ቀምሳ መትፋት ትችላለች» ብለዋቸው ነበር። አንድ ዓመት ሞከሩት፤ ሳያስቡት ዋጡት። ያን ቀን በሌላ ጊዜ ጾመው ከፈሉ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ማንኪያውን ወደ አፋቸው አስጠግተው አያውቁም።

እኔም አልረዳቸውም፤ ሊጡ እንቁላልና እርጎ አለበት፣ ረመዳንና የእኛ ሁዳዴ ደግሞ ላለፉት ጥቂት ዓመታት ተደራርበው ነው የሚውሉት። መንበረ ግን የልብ መድኃኒት ስለምትወስድ የንስሐ አባቷ ከጾሙ ነፃ አድርገዋታል። ስለዚህ በሁለታችንም ጾም ቀማሿ መንበረ ነበረች። ከክፍላችን ደጃፍ ዱካ ላይ ተቀምጣ ማንኪያውን ትቀበላለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ ትፈርዳለች።

«ሐጂራ፣ ይኼን ከሸጥሽማ እኔ ሰፈር እለቃለሁ።»

«ያ ረቢ! ምላስሽ ይቆረጥ!»

«ከመቆረጡ በፊት ስኳር ጨምሪበት።»

ይሳሳቃሉ፤ ሊጡም ይስተካከላል።

መንበረ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማክሰኞ ንጋት ላይ አረፈች። ረመዳን የገባው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው።

በዚያ ረመዳን ዳቦው ሁለት ጊዜ ተመለሰ። የመጀመሪያው ደርቆ፣ ሁለተኛው ጨው በዝቶበት። ሁለተኛው በተመለሰበት ሰኞ ማታ ለሚ ራሱ ግቢያችን መጣ። በሩ ላይ ቆመ፣ ግባ ቢሉትም አልገባም።

«እትዬ፣ ወላሂ እኔ እርስዎን ጠልቼ አይደለም» አለ። «ግን ሰው ከአፍጥር በኋላ ጣፋጭ ብሎ ገዝቶ ጨው ሲነክስ የሚያፈጥጠው እኔ ላይ ነው። የነገውም እንዲህ ከሆነ ከረቡዕ ጀምሮ ከማሽን ቤት አመጣለሁ።»

«የማሽን ቤት ሰው ሙዝ ያውቃል?»

«ሙዝ አያውቅም። ጨው ግን ያውቃል።»

እትዬ ሐጂራ የተመለሰውን ዳቦ አንሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።

በማግስቱ መጋቢት 9 ቀን ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ። ምን እንደምረዳቸው አላውቅም ነበር፤ መሥሪያ ቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው። እትዬ ሐጂራ ትልቁን ሳፋ ይዘው ጓሮ ተቀምጠዋል። ምራታቸው ፈሂማ ገለባ ታነዳለች። ፈሂማ የልጃቸው የኢርፋን ሚስት ናት፣ ከአጋሮ ከመጣች ዓመት አልፏታል። ኢርፋን ሚኒባስ ስለሚነዳ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። በዓመቱ ውስጥ ከዚህች ልጅ አፍ ከ«እሺ እማ» ያለፈ ብዙ ቃል አልሰማሁም።

የጠቆረ ሙዝ የቀረው ለዚያ ቀን የሚበቃው ብቻ ነበር። ሁሉም ተልጦ ሳፋው ውስጥ ገብቷል። እትዬ ሐጂራ በእጃቸው ፈጩት፣ ዘይቱን፣ እንቁላሉን፣ እርጎውን፣ ስኳሩን በተራ አስገቡ። ቀጥሎ ዱቄቱን ነፉበት። ጨው የሚሰፍሩት በቡና ስኒ ነው፤ ስኒው ላይ በጥፍር የተጫረች መስመር አለች፣ እስከ እሷ ሞልተው ዱቄቱ ላይ ይበትኑታል።

ዱቄቱ ተነፍቶ የጨው ተራ ሲደርስ፣ ከሰዓት የሚሰገደው የአስር ሶላት አዛን ተሰማ።

እትዬ ሐጂራ አዛን ሲሰሙ ሁሉን ያቆማሉ። ዓይናቸውን ዝቅ አድርገው ሙአዚኑ የሚለውን ቃል በቃል ከሥር ይደግማሉ፣ ሲያልቅ ዱዓ ያደርጋሉ። ፈሂማም እንዲሁ። እኔም ዝም እላለሁ። አዛኑ አለቀ፣ ዱዓው አለቀ። ማማሰያውን አነሡ፣ አራት ጊዜ አዞሩ። ከዚያ ስኒውን ሊያነሡ እጃቸውን ሰደዱና ባዶ አገኙት።

እጃቸው እዚያው ቀረ።

«አቢጊያ» አሉኝ። «ጨዉን አስገብቻለሁ?»

ስኒው ከመሞላቱ በፊትም ባዶ ነው፣ ከተደፋ በኋላም ባዶ ነው። እኔ ፊት ለፊታቸው ነበርኩ። አላየሁም። አዛኑ ሲጀምር የማየው ወደ ክፍላችን ደጃፍ ነበር።

«አላየሁም፣ እትዬ።»

«ፈሂማ?»

«እሳቱን ነበር የማየው፣ እማ።»

ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ጨው ገብቶ እንደገና ቢጨመር፣ ትናንት የተመለሰው ዳቦ ዛሬም ይመለሳል። ሳይገባ ቢጋገር ሙዙ አፍ ላይ ውሃ ውሃ ይላል፤ ለሚ ደግሞ ሌላ ዕድል አይሰጥም። በእርግጠኝነት የሚናገር ምላስ ያስፈልጋል፣ ያውም ቶሎ። ዱቄቱ ረጥቧል፣ ከእሱ ጋር የገባው ቤኪንግ ፓውደር ሥራ ጀምሯል፣ ሊጡ ላይ አረፋ ብቅ ብቅ ማለት ይዟል።

«እኔ ልቅመሰው» አልኩ።

«ማን? አንቺ?»

«አንድ ማንኪያ ነው፣ እናዘዛለሁ።»

«የመንበረ አርባ ሳይወጣ? ጾምሽን ለእኔ ጨው ብለሽ?» ማንኪያውን ከእጄ ነጠቁኝ። «አላደርገውም። ዳቦው ይቅር።»

ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ መዶሻ ተሰማ። ጀቤሳ ነው፣ ባጃጅ የሚጠግነው ጎረቤታችን። ጀቤሳ ጴንጤ ነው፣ የእኛንም የእነሱንም ጾም አይጾምም። ጠራሁት፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በአጥሩ ክፍተት ገባ።

«አደ ሐጂራ፣ ምን ሆናችሁ? ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ» አለ። ወዲያው ወደ እኔ አይቶ አቀረቀረ። «ይቅርታ፣ አቢጊያ።»

«ግድ የለም። ይኼን ቅመስልን።»

«በዚህ ወር የሰፈሩ ሆድ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው!» አለና ማንኪያውን ወደ አፉ ከተተ። ላሰው። «ኦሆሆ! አደ ሐጂራ፣ እጅሽ ይባረክ! ግሩም ነው።»

«ጨው አለው?» አሉት።

«በልኩ።»

«በዝቷል እንዴ?»

«እ... ትንሽ ጠንከር ያለ ነው መሰለኝ። ጥሩ ጥንካሬ ነው ግን።»

«ወይስ አንሷል?»

«አነስ ማለቱም አይከፋም፣ ለጤና ነው።»

«ጀቤሳ! አለ ወይስ የለም?»

«እኔ እንዲያው የሴት እጅ ያማሁበት ቀን የለም» አለ፣ ላብ ላብ ብሎት። «ሚስቴ ያቃጠለችውን ሽሮም ግሩም ነው ብዬ ነው የምበላ።»

እትዬ ሐጂራ አመስግነው ሸኙት። ከሄደ በኋላ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሊጡን አዩት። በአረፋው ላይ አረፋ ተደርቧል። የመንበረን ስም ማንም አልጠራም። ለቀማሽ ምላስ ብቻ እንደማይበቃው ግን ሦስታችንም ያን ጊዜ ያወቅን ይመስለኛል።

«ገብቷል» አሉ በመጨረሻ። «ስንት ዓመት የሠራሁት ነው፣ እጄ አይረሳም። ፈሂማ፣ ቆርቆሮዎቹን አምጪ።»

ፈሂማ አልተነሣችም።

«ፈሂማ!»

ልጅቷ ከምድጃው ዞረች። ፊቷ ከእሳቱ ይሁን ከሌላ ነገር ቀልቷል። ወደ ሳፋው መጣች፣ ጎንበስ ብላ ትንሿን ጣቷን ሊጡ ውስጥ ነከረች፣ አፏ ውስጥ ከተተችው። ዋጠችው።

ሴት ልጅ የወር አበባዋ ሲመጣ እንደማትጾም ሁሉም ያውቃል፤ ጾም የማትይዝበትን ቀን ግን ለሰው አታሳይም። ሌላው ጾመኛ ሆኖ ሳለ ተደብቃ ውሃ ትጠጣለች፣ ከዚያ እንደጾመ ሰው ከንፈሯን አድርቃ ትወጣለች። ፈሂማ ይኼን ያደረገችው በአማቷ ፊት፣ በእኔም ፊት ነው።

«ሶጊዳ ሂንቀቡ» አለች በኦሮምኛ። ጨው የለውም ማለቷ ነው። ቀጥላ በአማርኛ ደገመችው፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል። «ምንም የለውም፣ እማ።»

«እጄ እኮ...»

«እጅዎ ረስቷል።»

እትዬ ሐጂራ ምራታቸውን አዩዋት፣ ለረጅም ጊዜ። ስለ ጨው እያሰቡ ይሁን ስለ መልሱ፣ አላውቅም። ከዚያ ስኒውን አነሡና ሰጧት።

«ሙዪው። እስከ መስመሩ።»

ጨዉን በቀረው እርጎ አሟሙታ ሊጡ ላይ በቀጭኑ አፈሰሰችው። ማማሰያውን የያዙት እትዬ ሐጂራ ናቸው። ዱቄቱ እንዳያኮርፍ ከሥር እያነሡ አጠፉት። ቆጠርኩ፤ ሰባት ጊዜ ዞረ። ስምንተኛውን ሊያዞሩ ሲሉ ፈሂማ እጃቸውን ያዘች። ተዉት።

ስድስቱም ቆርቆሮ በርሜሉ ውስጥ ገቡ፣ ፍሙ ከላይ ተበተነ። አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቅን። እትዬ ሐጂራ ሰግደው መጡ፤ ክዳኑን አንድ ጊዜ ከፍተው እንጨት ወጉበት፣ ሊጥ ይዞ ወጣ፣ መልሰው ከደኑት። በሁለተኛው እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ግን ሊጥ ሳይዝ ወጣ። «አሁን» አሉ። አውጥተው እንደሞቁ በነጠላ ጠቀለሏቸው። ቆርሶ ማየት አይቻልም፤ ለሚ የተነካ ዳቦ አይቀበልም።

መግሪብ ሲሆን እትዬ ሐጂራ በአንድ ተምርና በአንድ ብርጭቆ ውሃ አፈጠሩ፣ ምግቡን ሳይነኩ ተነሡ። ሦስታችንም ተሸክመን ሄድን። ለሚ ካፌው ውስጥ ሰው ሞልቶበት ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠን አንዱን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አደረገ፣ የኮባውን ቅጠል ላጠ፣ ቢላዋውን ከጫፉ ሳይሆን መሃል ለመሃል አሳለፈው። ደረቅ ዳቦ የሚታወቀው መሃሉ ላይ ነው። ቢላዋው ወዝ ይዞ ወጣ። ቆረሰ፣ አኘከ፣ ሌላ ቆረሰ። እትዬ ሐጂራ የነጠላቸውን ጫፍ ጨምድደው ይዘዋል።

«ይኼን ማን ቀመሰው?» አለ ለሚ።

እትዬ ሐጂራ አፋቸውን ከፈቱ። እውነቱን ቢናገሩ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የፈሂማን ምስጢር ማውጣት ነው። ፈሂማ መሬት መሬት ታያለች።

«ምን አገባህ?» አሉት። «ትወስዳለህ ወይስ ልመለስ?»

«ኧረ እወስዳለሁ። ነገም ስድስት።» ሦስተኛውን እየቆረሰ ነበር።

ስንመለስ መንገዱ ጨልሞ ነበር፣ ባጃጆች በጎናችን ያልፋሉ። የኮሌጁን አጥር አለፍን። ከዚያ ፈሂማ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ተናገረች።

«እማ፣ ሙዙም ገና ነበር። አንድ ቀን ቢቆይ ይሻለው ነበር።»

እትዬ ሐጂራ ቆሙ። እኔም ቆምኩ።

«ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝም።»

«ስንት ቀን ቀረሽ?» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ፈሂማ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ሁለት።»

«ሁለቱን ቀን ቅመሺ» አሉ መራመድ እየጀመሩ። «ከዚያ በኋላ ጾምሽን ያዢ። አፍሽን ግን አትዝጊው።»