በሁዳዴ የተቀቀለ እንቁላል

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ግን ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

ያኔ ደብረ ታቦር ኮሌጅ እየተማርኩ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድናችን አምበል ነበርኩ። አሰልጣኛችን ሚስተር ግሌን የሚባሉ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። በአገራቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የኮሌጅ ቡድን ሲያሰለጥኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ በበጎ ፈቃድ እኛ ዘንድ መጡ። «ለፍጻሜ ብዙ ጊዜ ደርሻለሁ፤ ዋንጫ ግን አንድም ቀን አላነሳሁም» ብለውናል። በኮሌጆች ውድድር ከባሕር ዳር ከመጣ ቡድን ጋር ለፍጻሜ ስንደርስ፣ ወደ አገራቸው ሊመለሱ አንድ ሳምንት ቀርቷቸዋል። ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል የላቸውም።

የጨዋታው ዕለት ጠዋት በገዛ እጃቸው እንቁላል ቀቅለው፣ ከዳቦ ጋር ይዘውልን መጡ። ጾም መሆኑን አላወቁም። እኛ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አንቀምስም፤ ጨዋታው ከዚያ በፊት ነው። ታዲያ ሽማግሌ የደከሙበትን እንዴት አንበላም ይባላል? ይሉኝታ ያዘን። እጅ ነስተን ተቀበልንና ዞር ሲሉልን ቦርሳችን ውስጥ ከተትነው። «በላችሁ?» ሲሉ፣ «አዎ፣ እግዜር ይስጥልን» ያልኩት እኔ ነኝ። ጾም ላለመሻር ዋሸሁ፤ እናንተው ፍረዱ።

እሳቸው የበላን መስሏቸው ከመጀመሪያው ደቂቃ አስሮጡን። ለእረፍት ስንወጣ በአሥራ አንድ ነጥብ እየተመራን፣ ጉልበታችን ከድቶን ነበር። «ምን ነካችሁ?» አሉ ግራ ተጋብተው። ይኼኔ አንዷ ፎጣ ላውጣ ብላ ቦርሳዋን ስትጎትት፣ እንቁላሎቹ ተንከባለው እግራቸው ሥር ሄዱ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እየተንተባተብኩ እውነቱን ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ስል፣ ወደ ተጋጣሚዎቻችን እያዩ «እነዚያስ?» አሉኝ።

«እነሱም ጾመኞች ናቸው። የኛን የደጋ አየርም አልለመዱትም።»

«እንግዲያው እናንተ አትሩጡ። ኳሷን ተቀባበሉና እነሱ ይሩጡ።»

እንዳሉን ቆመን ተቀባበልን። ተጋጣሚዎቻችን ኳሷን ሲያባርሩ ቆይተው በመጨረሻው ሩብ ማለክለክ ጀመሩ። እኛም ክፍተት እያገኘን ስናስቆጥር ልዩነቱ ጠበበ፣ እኩል ሆንን፤ ሊያልቅ ጥቂት ሴኮንድ ሲቀር ያቺው ቦርሳ ጎታቿ አስቆጠረች። በሁለት ነጥብ አሸነፍን! ሜዳው በእልልታ ቀለጠ።

ሚስተር ግሌን ዋንጫውን ተቀብለው ከፍ አደረጉት። ዕንባቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩና፣ «ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ። ጠዋት ነግረሽኝ ቢሆን በሃያ ነጥብ ነበር የምናሸንፋቸው» አሉኝ።

በአንዲት «አዎ» የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ምኞት ሊቀር ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም እሸማቀቃለሁ። ዋንጫውን ከፍ ሲያደርጉ ያየሁት ፊታቸው ትዝ ሲለኝ ግን፣ ደስታው ኀፍረቴን ያሸንፈዋል።