በረመዳን የቀመስኩት የእንጉዳይ ዱቄት

ባለፈው ሳምንት የልጄ ሚስት ከአዲስ አበባ ስትመጣ አንድ የሚያምር ብልቃጥ ይዛ መጣች። ከላዩ የእንጉዳይ ሥዕል አለበት። ጉልበት ይሰጣል፣ ሐሳብ ይሰበስባል፣ በሽታ ይከላከላል ይላል፤ ምን የማይለው አለ! «እማዬ፣ እርስዎ እንጉዳይ ያውቃሉ ይባላል፤ ጥሩ መሆኑን ይዩልኝ» አለችና ክዳኑን ከፍታ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። «አላውቅም!» አልኳት። ቆጣ ብዬ ነበር መሰለኝ፣ ልጅቷ ደነገጠች። ምስኪን፣ እሷ ምን አጠፋች?

ማወቁንስ አውቅ ነበር። መንግሥት ተለውጦ የመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ሁሉ በቁቤ እየተጻፈ በነበረበት ዘመን፣ ጎባ ውስጥ ሐጂ አልዪ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ማትሪክ አልመጣልኝም፤ ምላሴ ግን ለነገርም ለቅምሻም ስል ነበር። ሐጂ ማርና ቅቤ ይሸጣሉ፤ ደግሞም ከሐረና ጫካ የሚመጣ ደረቅ የዛፍ እንጉዳይ። እንጨት የመሰለ፣ ጠንካራ ቡናማ ነገር ነው። ሰዉ ወቅጦ በማር እየለወሰ ለደከመው ይሰጠዋል።

ሐጂ እንጉዳይ ሲገዙ ማየት ነበር! በእጃቸው መዘን መዘን ያደርጉታል፣ ገልብጠው ሆዱን ያያሉ፣ ነቀዝ በስቶት እንደሆነ ይፈልጋሉ፣ ሰብረው ያሸታሉ። ዝናብ የመታው አፈር ከሸተተ ይገዛሉ፤ ሻጋታ ከሸተተ ይመልሳሉ። የመጨረሻው ዳኛ ምላስ ነው። ቁራጯ ታኝካ መራራው ጉሮሮ ድረስ ካልወረደ፣ «ይሄ ማገዶ ነው፣ ውሰድ ወዲያ!» ይላሉ። የተፈጨ ከመጣማ ዞር ብለውም አያዩት።

በረመዳን ቀን ቀን መቅመስ ስለማይችሉ፣ ምላሳቸው እኔ ነበርኩ። በሁዳዴ ደግሞ የቅቤውን ቅምሻ እሳቸው ይረከቡኛል። እንዲህ ነበር የምንኖረው። «የዚህች የክርስቲያን ልጅ ምላስ ከእኔ ይበልጣል» እያሉ ለመጣ ለሄደው ያወሩልኝ ነበር። እኔም ደስታዬን አልችለውም።

የዚያ ዓመት ረመዳን በጥር ብርድ ዋለ። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ጉንፋን ጣለኝ፤ አፍንጫዬ ድፍን አለ። አንድ ጠዋት የምናውቀው ነጋዴ ከሐረና መጣ፤ እንጉዳዩን ግን ለጭነት እንዲቀለው ብሎ ፈጭቶ በከረጢት ይዞታል። መኪና እየጠበቀኝ ነው፣ እስከ ማፍጠሪያ አልቆይም አለ። ሐጂ አመነቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «አንቺ ካልሽ እገዛለሁ» አሉ።

ቆንጥሬ ምላሴ ላይ አደረግኩ። ምንም! ጭቃ ይሁን ስኳር አልለየሁትም። ጉንፋን ይዞኛል፣ ዛሬ አልችልም ማለት ምን ነበረበት? ያ ሁሉ ሙገሳ ግን አስሮ ያዘኝ። ፊቴን አጨማደድኩና «ውይ፣ ሲመር!» አልኩ። ሐጂ ስቀው ገዙ።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ ከድር የሚባሉ ገበሬ ከገሰራ መጡ። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ፋጡማ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ ሳል ይዟት መንምናለች። ሆስፒታል ሊያስገቧት ነበር ያመጧት፤ እሷ ግን ሐኪም ፈርታ «መጀመሪያ እንጉዳዩን ልሞክር» ብላ ለመነቻቸው። በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሱቁ ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀመጧትና ገቡ። ሐጂ መስጊድ ነበሩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄን ይዤ ቤቴ ልመልሳት ወይስ ሆስፒታል ትግባ? አንቺ ቀምሰሽዋል?»

«ቀምሼዋለሁ።»

«እውነተኛ ነው?»

«እውነተኛ ነው፣ ኦቦ ከድር።»

ፋጡማ ከደጅ ሆና ሰማችኝና ሳቀችልኝ። ዓይኖቿ ጎድጉደዋል፣ ሳቋ ግን የልጅ ሳቅ ነበር። ተሳፍረው ወደ ገሰራ ተመለሱ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጉንፋኑ ለቀቀኝ። ከረጢቱን ሳስተካክል ጣቴ ላይ የቀረውን ሳላስበው ላስኩት። በሶ! የተቆላ ገብስ፣ ለቀለም ያህል ትንሽ እንጉዳይ የተነሰነሰበት። ማመን አቃተኝ። ተማሪ ቤት ያየነው ትዝ አለኝና ለቁስል የምናስቀምጠውን አዮዲን ጠብ አደረግኩበት። ወዲያው እንደ ጥላሸት ጠቆረ። ከሙሉው እንጉዳይ ፈቅፍቄ ያንኑ ባደርግ አልጠቆረም። እንዲያ የሚጠቁረው እህል ነው።

እያለቀስኩ ለሐጂ ነገርኳቸው። አልጮሁብኝም፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «አስተግፊሩላህ! እኔም የተፈጨ አልገዛም ያልኩትን አፈረስኩ» አሉና ከረጢቱን አስደፉት። «በይ ሂጂ ገሰራ። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዳት በይው።»

በአይሱዙ ጋቢና ተሳፍሬ ሄድኩ። በመንገዱ ሁሉ ስንዴ ይወቃል፣ ገለባው እየበረረ ፊታችን ላይ ያርፋል። እኔ የምናገረውን እያጠናሁ ነበር። ኦቦ ከድር ደጅ ስደርስ ብዙ ጫማ ተደርድሮ አየሁ። ፋጡማ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

ኦቦ ከድር ሲያዩኝ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ኢንተላ ኮ! ልጄ!» አሉና ወደ ለቀስተኛው ዞሩ። «መድኃኒቱን የሰጠችኝ ይቺ ናት። ፋጡማ እሱን ከወሰደች ወዲህ እህል ቀመሰች፣ ሁለት ጊዜም ደጅ ወጥታ ፀሐይ ሞቀች። አላህ የወሰነው አይቀርም፤ እነዚያን ቀኖች ግን በዚህች ልጅ እጅ ነው ያገኘኋቸው።» ሰዉ ሁሉ መረቀኝ። ያጠናሁት ቃል አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። አንዲት ሴት ውሃ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁና ተመለስኩ።

ሆስፒታል ብትገባ ትድን ነበር ወይ? አላውቅም። ማንም አያውቅም። ዛሬም በምኖርበት ሮቤ ገበያ መሐል ሴት ስትስል ስሰማ ግን ዘወር ብዬ አያለሁ። ያንን ሳቅ እፈራዋለሁ። ስንት ዓመቱ! አይለቀኝም።

የልጄን ሚስት ማታውኑ ይቅርታ ጠይቄ የማውቀውን ነገርኳት። የምን እንጉዳይ እንደሆነ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይነግርሽን ዱቄት አትመኚ፤ ማን መረመረው ብለሽ ጠይቂ፤ የታመመ ሰው ካለ ደግሞ ሐኪም ይየው አልኳት። ለሌላ ሰው ሲሆን ምክር ይቀናኛል።

ኦቦ ከድር አሁን አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ሮቤ ዘመዶቻቸው ዘንድ ስለሚኖሩ አልፎ አልፎ እንገናኛለን። ትናንት ከጁምዓ ሲመለሱ ሰላም ብላቸው በድምፄ ለዩኝ። «ሌላ ሚስት አላገባሁም፣ ታውቂያለሽ» አሉኝ። «እነዚያን ቀኖች እያሰብኩ ነው የኖርኩት።»

ብናገር የሚቀለው ለእኔ ነው፤ ለእሳቸው ምን ይቀርላቸዋል? እንዲህ እያልኩ ነው ዝም ያልኩት። ወይም ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ ሁለቱን መለየት አቅቶኛል። ኦቦ ከድር መንገዱ መሐል ቆመው ሁለት እጃቸውን ዘረጉና «አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እውነተኛ ልጅ ነሽ» ብለው መረቁኝ።

«አሜን» አልኩ።