ያልረጋው ወተት

ወተት በውሃ ይበርዛል ተብዬ ጁባ ባለው አበሻ ሁሉ ፊት ተዋረድኩ። ጠብታ ውሃ አልጨመርኩም።

ከከተማው ዳር፣ ሸሪካት የሚባል ሰፈር ላሞች ነበሩኝ። ወተቱን ቡሉክ ሰፈር ምግብ ቤት ላላት ያገሬ ሴት አቀርባለሁ። አንድ ቀን አንድ አበሻ የእንስሳት ሐኪም መጥቶ የምርጧን ላሜን ወተት ሳህን ላይ ከሆነ ፈሳሽ ጋር አማታው። እንደ ንፍጥ ተዝለገለገ።

«ግቷ ታሟል» አለኝ።

ዳሰስኩት። አላበጠም፣ አይሞቅም። ወተቷም ጥጥ የመሰለ ነው።

«ምኑ ነው የታመመው?»

«ከላይ አይታይም፤ ውስጥ ውስጡን ነው።»

እንደ ጓደኞቼ መሆኑ ነው አልኩ በሆዴ። በየጡቷ መድኃኒት ጨመረባትና «ድናለች እስክልህ ወተቷን ድፉት» ብሎ ሄደ።

ለሚያልብልኝ፣ ከብት አርቢ ከሆኑት ከሙንዳሪ ጎሳ ለሆነው ሰውዬ ነገርኩት። «ማፊ ሙሽኪላ» አለኝ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ወተት መሬት ላይ መድፋት ግን እሱ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። ከሌሎቹ ጋር ቀላቅሎ ላከው። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው።

ጊዜው ቅበላ ነበር። ሴትዮዋ ለድግሱ ያኖረችው ወተት አልረጋ አለ።

«ከዛሬ ጀምሮ ከውሃ ቦቴው እቀዳለሁ፤ እሱ እንኳ ውሃ ነው ብሎ ነው የሚሸጥልኝ!» አለችኝ እንግዶቿ ፊት።

ከዚያ ወዲያ ወተቴን የሚገዛ ጠፋ። ስሜን እንዲያጠሩልኝ ሽማግሌዎች ለመንኩ። የተሰበሰቡት ጾም ከገባ በኋላ ነው። ሐኪሙ መጥቶ መድኃኒቱ እርሾውን እንደገደለው አስረዳ።

«የበሽታው ምልክት ምንድን ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ምልክት የለውም፣ ጋሼ።»

«የማይታይ በሽታ!» አለች ሴትዮዋ። «እኔስ የማይታይ ውሃ ነው እንጂ ሌላ ምን አልኩ?»

ሳቁ። «ቀምሰን እንፍረድ» ተባለ። ያመጣሁት ወተት በጆግ ፊታቸው ተቀምጧል። ማን ይቅመስ? ሁሉም ጾመኛ። ከጎረቤት ሱቅ አንድ ሙስሊም ያገራችን ልጅ ተጠራ። አንድ ብርጭቆ ጠጣ። አሰበ። ደገመ። ጆጉን ጨርሶ አፉን ጠረገና «ወላሂ፣ ለመፍረድ ያንሳል። ሌላ የለም?» አለ።

ፍርዱ ለፋሲካ ተቀጠረ። ሁዳዴን ሙሉ ተከሳሽ ሆኜ ጾምኩ። በመንገድ ሳልፍ «ቦቴው መጣ» ይሉኛል። ላሟ ድናለች፤ ወተቷን የሚፈልግ ስለሌለ ጥጃዋ እንደ በርሜል ወፈረ። እኔም ሥራ ስፈታ ጊዜ በዚያ ዕድሜዬ ፊደል መቁጠር ጀመርኩ።

ፋሲካ ደርሶ ጾሙ ሲፈታ ሽማግሌዎቹ ከዚያችው ላም የረጋውን እርጎ በሉ። አስጨመሩ። ንጹህ ነህ አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ፦

«በል አሁን ይቅርታ ጠይቃት።»

«እኔ?!»

«ታላቅህ ናት፤ ተቀይማለች።»

ወተቴ እንዲሸጥ ጉልበቷን ሳምኩ። «ይቅር ለእግዜር» አለችኝ፣ እኔ የበደልኳት ይመስል። ይህ የሆነው ሚያዝያ 12 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው።