ዙምረታ ያላረሰችው ማሳ

ጎረቤቴ ዙምረታ ወንዙ ዳር ያላት ማሳ ከመንደራችን መሬት ሁሉ ለሙ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ፈንጂ ተቀበረበት። ሰላም በወረደ በሁለተኛው ዓመት ባሏ ሃሲብ ላም ሊመልስ ገብቶ እዚያው ቀረ። ኋላ ላይ ፈንጂ አምካኞች መጥተው መሬቱን ስንዝር በስንዝር ፈተሹና ንጹሕ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጧት። እሷ ግን ማሳውን አልነካችውም። ከቤቷ በላይ ያለውን ድንጋያማ ተዳፋት እየቆፈረች ድንች ትተክላለች።

መጋቢት ላይ ያስና የምትባል ተመራማሪ ከዋና ከተማው ከሳራዬቮ መጣች። ገበሬ ከገንዘብ ሌላ ምን አስቦ መሬቱን እንደሚያርስ ወይም እንደሚተው የሚያሳይ የኮምፒውተር ሞዴል ትሠራለች። የመንደሩን ካርታ ትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ የምንዘራውን በየማሳችን ላይ እንድናስቀምጥ የባቄላና የበቆሎ ፍሬ አደለችን። ሁላችንም አስቀመጥን። ወንዙ ዳር ባዶ ቀረ።

"ኮምፒውተሩ እኮ መጀመሪያ የሚታረሰው ይሄ ነው ይላል" አለች ያስና ግራ ገብቷት። "እትዬ ዙምረታ፣ ጉልበት አንሶዎት ነው? ወይስ ለልጅ ሊያወርሱት?"

"ታዲያ ኮምፒውተርሽ ይረሰዋ!" አለ ባለትራክተሩ ሙስጠፋ። ሰው ሳቀ። ዙምረታ አልሳቀችም።

"ነይ ላሳይሽ" ብላ ተነሣች።

ተከትለናት ወረድን። እግሯን ሣሩ ላይ አሳረፈች። ወረቀቱን ሁላችንም አይተነዋል፤ ያም ሆኖ ሙስጠፋ ያስናን በክንዷ ይዞ ወደ ኋላ ጎተታት። ዙምረታ ዱዓ እያነበነበች፣ ሣሩን በዓይኗ እየለቀመች ስድስት ሰባት እርምጃ ያህል ገባች። ድንገት ቆቅ ከቁጥቋጦው ፍርር ብላ ስትነሣ ሁላችንም መሬት ላይ ተደፋን። ቀና ስንል ዙምረታ እንደቆመች ናት። ቀሚሷ ረጥቧል።

"ወደፊትም ወደኋላም አልችልም" አለች ድምፅዋ እየተቆራረጠ። "ውሰዱኝ።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔም ጭምር፤ ስናገረው አፍራለሁ። በመጨረሻ ሙስጠፋ ገባ።

"አንቺ ሴት፣ እንዳትነቃነቂ! የረገጥሽውን ነው የምረግጠው!" እያለ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ አቅፎ አወጣት።

ያስና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። "ይቅር ይበሉኝ እትዬ። መጠይቄ ላይ ፍርሃት የሚል የለም።"

"ጨምሪዋ ልጄ" አለቻት ዙምረታ። "እሱ ነው እዚህ አገር የሚያርሰው።"

ሚያዝያ ላይ ሙስጠፋ በትራክተሩ ከዳር አንድ ቁራጭ አርሶ በቆሎ ዘራላት። ዙምረታ መንገዱ ላይ ቆማ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ነበር። በቆሎው ሰው የሚያክል ሆነ። ሊለቅመው ግን የገባ የለም፤ የዱር አሳማ ጨረሰው።

"አየሽ፣ አሳማዎቹ እንኳ አልፈነዱም" አላት ሙስጠፋ።

"አሳማ ሃሲብን አያውቀውም" አለችው፣ ድንቿን መቆፈሯን ሳታቋርጥ።